ከ17 ዓመት ትዳር በኋላ፦ የዕድሜ ቀውስ ነው ወይስ ተደብቆ የኖረ ስሜት?

ጥያቄ፦ «የ47 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ካገባሁ 17 ዓመት ሆኖኛል፤ የ15 እና የ11 ዓመት ልጆች አሉን። ባለቤቴ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ የአራታችንም የጤና መድን በእርሷ መሥሪያ ቤት በኩል ነው። አባቴ ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ሲያርፍ ለቀብሩ አልደረስኩም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጂም ጀመርኩ፣ ስመኘው የኖርኩትን መኪና ገዛሁ፣ ምንም አላስደሰተኝም። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጀምሮ አልፎ አልፎ ለወንድ የሚሰማኝ ስሜት ነበር። ስጸልይ፣ ስጾም፣ በኋላም ሳገባ ይጠፋል ብዬ ነበር፤ ለዓመታትም ጋብ ብሎልኝ ነበር። አሁን ግን በስልክ መተግበሪያ ከአንድ ሰው ጋር ተዋውቄ ሁለት ጊዜ ተገናኝተናል። ባለቤቴን እወዳታለሁ፤ ከስንት አንዴም ቢሆን አብረን እንተኛለን። ይህ የወንዶች የዕድሜ ቀውስ ነው? ሆርሞን ነው? የሚድን ከሆነ ሕክምናው የት አለ? ሦስት ወር አገር ቤት ገብቼ ጠበል ብጠመቅ፣ ከዘመድ ጋር ብሰነብት ይለቀኛል? ለባለቤቴ ልንገራት ወይስ ዝም ብዬ ልተወው? አንዳንድ ጠዋት ባልነቃሁ እላለሁ።»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ እጀምራለሁ። ባልነቃሁ ብሎ መመኘትና ራስን ለማጥፋት ማሰብ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመለወጥ ግን ብዙ ጊዜ አይፈልግም። «እንዴት» እና «መቼ» የሚሉ ሐሳቦች መምጣት ከጀመሩ፣ ወይም ቤት ውስጥ መሣሪያ ወይም የተጠራቀመ መድኃኒት ካለና ሐሳብዎ ወደዚያ መሄድ ከጀመረ፣ የቀረውን ምላሽ ለጊዜው ይተዉትና 988 ይደውሉ። አሜሪካ ውስጥ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ነጻ መስመር ነው፤ በእንግሊዝኛ መናገር ከከበደዎ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ። ምስጢር ይዞ የሚኖር ሰው ከሁሉም የበለጠ አደጋ ላይ የሚወድቀው «ዛሬ ታወቀብኝ» ብሎ ባሰበበት ሌሊት ነው። ስለዚህ ቁጥሩን አሁን ይመዝግቡት፤ ያን ጊዜ ለመፈለግ አቅሙ አይኖርዎትም።

እንደ አንድ ችግር አድርገው የጻፉልኝ ነገር ሦስት ነው፦ ኀዘን፣ ስሜት እና ድርጊት። ኀዘኑ ይታከማል። ስሜቱ ሕመም ስላልሆነ ሕክምና አይፈልግም። ድርጊቱ፣ ማለትም ባለቤትዎ ሳታውቅ ከሌላ ሰው ጋር መገናኘትዎ፣ ሐኪም የሚያድነው ሳይሆን እርስዎ የሚወስኑበት ጉዳይ ነው። ሦስቱን ጠቅልሎ «የዕድሜ ቀውስ» ማለት ያጽናናል፤ ቀውስ ያልፋልና፣ በቀውስ ጊዜ የተደረገውም ይረሳልና። ይህን ማጽናኛ ልሰጥዎ አልችልም።

«የመካከለኛ ዕድሜ ቀውስ» የሚለውን አባባል ወደ ሙያው ያስገባው ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተንታኝ ኤልየት ዣክ ሲሆን ጽሑፉ የታተመው በ1965 ነው (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። የጻፈው ስለ መኪናና ስለ ጂም አልነበረም፤ ሰው ወደ ዕድሜው አጋማሽ ሲደርስ የራሱ ሞት የማይቀር መሆኑን ሲረዳ ስለሚገባበት መናወጥ ነበር። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቀውሱ ሁሉንም ወንድ በተወሰነ ዕድሜ የሚጎበኝ አለመሆኑን አሳይተዋል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዋ ኢሌን ዌዚንግተን በ2000 ባወጣችው ጥናት እንዲህ ያለ ቀውስ ደርሶብኛል ያለው አሜሪካዊ ከአራት አንድ ያህል ነበር። ከእነርሱም ብዙዎቹ የተናገሩት ስለ ልደታቸው ቀን ሳይሆን ስለ አንድ ክስተት ነው፤ ስለ ሞት፣ ስለ ፍቺ፣ ከሥራ ስለ መባረር። የእርስዎ ክስተት ደግሞ ከደብዳቤዎ ውስጥ ፈልጎ ማውጣት አያስቸግርም፤ በአንድ መስመር አልፈውታል እንጂ።

አባትዎ ሞቱ፤ እርስዎ አልቀበሯቸውም። እንደ ብዙው ስደተኛ ሰው ቤትዎ መጥቶ ለቅሶ ደረሰዎት፣ ቡናው ተፈላ፣ ከቀናት በኋላ ወደ ሥራ ተመለሱ፣ አርባቸውን ምናልባት በስልክ ቪዲዮ አዩት። አልቅሶ ያልወጣለት ኀዘን በእንቅልፍ ማጣት፣ ከምንም ነገር ደስታ በማጣትና ሞትን በመመኘት ሊመለስ ይችላል፤ እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙና ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆዩ ድባቴን ያስጠረጥራሉ። ድባቴ በንግግር ሕክምናም በመድኃኒትም ይሻላል፤ እርስዎ ደግሞ ሕክምና እንደሚያስፈልግዎ አልጠራጠርም። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለድባቴ በብዛት የሚታዘዙት መድኃኒቶች የወሲብ ፍላጎትን ሊቀንሱ ይችላሉ። አንዳንድ ወንዶች ይህን ሲያዩ «ዳንኩ» ብለው መድኃኒቱን ለዓመታት የሙጥኝ ይላሉ። የሬዲዮው ድምፅ ቀነሰ እንጂ ጣቢያው አልተቀየረም።

የአባት ሞት ሌላም ነገር ያደርጋል፤ ይህን በምክር አገልግሎት ላይ ደጋግሜ ታዝቤዋለሁ። ዕድሜውን በሙሉ «አባቴ ቢሰማ» እያለ የኖረ ሰው አባቱ ሲያልፍ ከኀዘኑ ጋር የማይጠብቀው ነጻነት ይመጣበታል፤ በነጻነቱም ራሱን ይጠላል። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ያፈኑት ነገር ልክ በዚህ ዓመት መነሣቱ አያስገርምም። ቀውሱ ስሜቱን አልፈጠረውም፤ ወደ 29 ዓመት ገደማ አብሮዎት ኖሯል። ያልተለመደው ነገር ማፈኛው አቅም ማጣቱ ነው። በ20 ዓመት ዕድሜ ትምህርት ነበር፣ ከዚያ መሰደድ ነበር፣ ከዚያ ሁለት ሥራ፣ ሕፃናት፣ የቤት ዕዳ። ጊዜ ያልነበረው ሰው ስለ ራሱ አያስብም። ልጆቹ ሲያድጉ ጊዜው ይመጣል።

ሆርሞኑን በተመለከተ አጭር ነው። የወንድ ሆርሞን ቴስቶስትሮን ከአርባ ዓመት አካባቢ ጀምሮ በዓመት አንድ በመቶ ያህል ቀስ እያለ ይቀንሳል። የፍላጎትን መጠን ይነካል፤ ፍላጎቱ ወደ ማን እንደሚያመራ ግን አይወስንም። መርፌው ቢወጉት የሚጨምረው ያው ያለው ፍላጎት ነው። ስለዚህ በየጂሙ ለሚሰጠው የሆርሞን ምክር ጆሮ አይስጡ፤ ድካሙና የእንቅልፍ ማጣቱ ካሳሰበዎ የደም ምርመራውን ሐኪምዎ ያድርግልዎ።

ሌሎች አንባቢዎች ራሳቸውን በእርስዎ ደብዳቤ ውስጥ ሊያዩ ስለሚችሉ ሁለት ልዩነቶችን ልጥቀስ፤ እርስዎን አይመለከቱም። በሃምሳዎቹ ዕድሜው ቀድሞ ምንም ምልክት ያልነበረው ሰው ድንገት ኀፍረት አጥቶ፣ ገንዘብ እየበተነ፣ ጠባዩ ተለውጦ ለወሲብ ከልክ በላይ የሚቸኩል ከሆነ መጀመሪያ መታየት ያለበት በነርቭ ሐኪም ነው። የፊተኛውን የአንጎል ክፍል የሚጎዳ የመርሳት ሕመም በዚህ መልክ ሊጀምር ይችላል፤ ለፓርኪንሰን የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሌላው ደግሞ ለወንድ አንዳች ፍላጎት ሳይኖረው «እንዲያ ብሆንስ?» በሚል ፍርሃት ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲፈትሽና ሲመረምር የሚውል ሰው ነው። ይህ የአባዜ ሕመም መልክ ነው፤ የራሱ ውጤታማ ሕክምና አለው። እርስዎ የጻፉት ፍርሃት ሳይሆን ፍላጎት ነው፤ ፍርሃቱ ከፍላጎቱ በኋላ የመጣ ነው።

ወደ «ይድናል?» እንመለስ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የተመሳሳይ ጾታ መሳሳብን ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር ያወጣው በ1973 ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1990 ተከተለ። ከዚህ ውሳኔ በኋላም «እንለውጣለን» የሚሉ ሰዎች አልጠፉም። ታሪኩን ማወቅ ይጠቅምዎታል። በ1973ቱ ውሳኔ ውስጥ ዋና ሚና የነበረው ሮበርት ስፒትዘር የሚባለው ሐኪም በ2003 ያልተጠበቀ ጥናት አሳተመ፤ አንዳንድ ሰዎች ሊለወጡ ይችላሉ የሚል። ማስረጃው ተለውጠናል ያሉ 200 ሰዎች በስልክ የሰጡት ቃል ነበር፤ ቃላቸው ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥበት መንገድ አልነበረውም። በ2012 ራሱ ስሕተት መሆኑን አምኖ በጥናቱ ተታልለው ጊዜያቸውን ያባከኑትን ይቅርታ ጠየቀ። በሚቀጥለው ዓመት ለዚሁ ዓላማ ከ1976 ጀምሮ ይሠራ የነበረው ትልቁ ክርስቲያናዊ ድርጅት ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል በመሪው የይቅርታ ቃል ተዘጋ። ሜሪላንድ ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች ይህን «ሕክምና» ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ እንዳይሰጡ የሚከለክል ሕግ በ2018 አወጣች። አዋቂን ግን ሕጉ አይጠብቅም፤ ስለዚህ ገንዘብዎን ለመቀበል የሚፈልግ አይጠፋም። አይስጡት። እንዲህ ያለ ሙከራ ከከንቱነቱ በላይ ድባቴንና ራስን የመጥላትን ስሜት ያባብሳል፤ እርስዎ ደግሞ ከዚያ የሚተርፍ አቅም የለዎትም።

ጸሎትዎን ይተዉ ማለቴ አይደለም። እምነትዎ እንዴት መኖር እንዳለብዎ ሊያዝዎት ይችላል፤ ይህን ከንስሐ አባትዎ ጋር መነጋገር የእርስዎ መብት ነው፤ እኔ በመካከል አልገባም። ነገር ግን ስሜቱ በጾምና በጸሎት አለመጥፋቱን የእምነት ጉድለት አድርገው አይቁጠሩት። ለ29 ዓመት የጸለየ ሰው አልጸለየም አይባልም።

አገር ቤት የመሄዱን ሐሳብ ለሁለት ከፍዬ አየዋለሁ። የአባትዎን መቃብር ለማየት፣ ከወንድም ከእኅት ጋር ተቃቅፎ ለማልቀስ ከሆነ ይሂዱ፤ ይህ ከማንኛውም መድኃኒት የማይተናነስ ነው፤ ቢቻል ከቤተሰብዎ ጋር። ስሜቱን ለማስለቀቅ ከሆነ ግን አያስለቅቅም። ሦስት ወር ብቻዎን፣ ኀዘን ላይ፣ ስልክዎን ይዘው መቀመጥ ማለት ነው። በኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ከተመሳሳይ ጾታ ጋር የሚፈጸም ድርጊትን በእስራት ያስቀጣል፤ የአሜሪካ ፓስፖርት ከዚህ አያድንም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአዲስ አበባ አስተዳደር በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ ዘመቻ መጀመሩን በይፋ አስታውቋል። ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን እንጂ ስሜትን አይደለም፤ ሆኖም በመተግበሪያ የሚያጠምዱና ገንዘብ የሚያስከፍሉ ሰዎች ይህን ልዩነት አይጠብቁም፤ ስልክ ላይ ያለ ፎቶግራፍና መልእክት ይበቃቸዋል።

አሁን በደብዳቤዎ ውስጥ ያልጠየቁት ግን ከሁሉ የሚቀድመው ጉዳይ። ከዚያ ሰው ጋር ሁለት ጊዜ ተገናኝተዋል፤ ከባለቤትዎ ጋርም ይተኛሉ። ጥንቃቄ አድርገው እንደሆነ አልጻፉም። ስሜትዎ የራስዎ ጉዳይ ነው፤ የእርሷ ሰውነት ግን የእርሷ ነው፤ ሳታውቅ ለአንድ ሌሊት እንኳ ለተጨማሪ አደጋ መጋለጥ የለባትም። ከዛሬ ጀምሮ ውጤትዎ እስኪታወቅ ከእርሷ ጋር አይተኙ። ከ17 ዓመት በኋላ ኮንዶም ይዞ መምጣት በራሱ ጥያቄ ያስነሣል፤ «ሐኪም ዘንድ ምርመራ ላይ ነኝ» ማለት ግን እውነት ነው፤ ምርመራውን ካደረጉ።

የመጨረሻው ግንኙነት 72 ሰዓት ካልሞላው ይህን ማንበብ ያቁሙና ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ የተጀመረና ለ28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት ኤች አይ ቪን ሊያስቀር ይችላል። ጊዜው ካለፈ ደግሞ ምርመራው ይቀጥላል። ከክንድ በተወሰደ ደም በላቦራቶሪ የሚደረገው አዲሱ ምርመራ ኤች አይ ቪን የሚያገኘው ከ18 እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ አሁን ይመርመሩ፣ ከመጨረሻው ግንኙነት 45 ቀን ሲሞላ ይድገሙት። ለቂጥኝ ደም፣ ለጨብጥና ለክላሚዲያ ሽንት ይሰጣሉ፤ ሽንት ብቻ ግን የጉሮሮንና የፊንጢጣን ሕመም አያሳይም። ለሐኪሙ በግልጽ ካልነገሩት ከዚያ ናሙና አይወስድም፤ «ንጹሕ ነህ» ተብለው በሽታውን ይዘው ወደ ቤት ይመለሳሉ። ኀፍረቱ ይገባኛል። ሐኪሙ ግን በዚያ ቀን ይህን የሚሰማው ከእርስዎ ብቻ አይደለም።

ሄፓታይተስ ቢም ይጨመርበት። እኛ ኢትዮጵያ ያደግን ሰዎች ከልጅነት ጀምሮ ሳናውቀው ይዘነው ሊሆን ይችላል። ነጻ ከሆኑ ክትባቱን ይውሰዱ። ወደፊት ከሌላ ሰው ጋር ግንኙነት የሚቀጥሉ ከሆነ ኤች አይ ቪን አስቀድሞ የሚከላከለው ዕለታዊ ክኒን በአግባቡ ከተወሰደ ከግንኙነት የሚመጣውን አደጋ በ99 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ነገር ግን ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ይህን ክኒን ጀምሮ በራሱ ፈቃድ ቢያቋርጥ ጉበቱ ክፉኛ ሊቆጣ ይችላል። ክኒኑ ከሌሎቹ በሽታዎች አይከላከልም፤ ለባለቤትዎ የሚገባትንም ቃል አይተካም።

መድኑ በባለቤትዎ ስም ስለሆነ አንድ ነገር ይወቁ። ምርመራ ሲያደርጉ ብዙውን ጊዜ የመድን ድርጅቱ ምን አገልግሎት እንደተከፈለ የሚዘረዝር ወረቀት ለዋናው ባለመድን ይልካል። ከፖስታ ሳጥን የወጣ እንዲህ ያለ ኤንቨሎፕ ትዳር ሊያፈርስ ይችላል። የእርስዎ መረጃ ወደ ሌላ አድራሻ ወይም ወደ እርስዎ ብቻ እንዲላክ ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ የመጠየቅ መብት አለዎት፤ ወይም በካውንቲው የጤና ጽሕፈት ቤት በኩል ያለ መድን ይመርመሩ። ይህን የምነግርዎ ለዘላለም እንዲደብቁ አይደለም። ነርስ የሆነች ሴት የምርመራ ዝርዝር አንብባ ከምትረዳው ይልቅ ከባሏ አፍ መስማት ይገባታል።

ስለዚህ ለባለቤትዎ ይናገሩ ወይ ለሚለው ምላሼ አዎ ነው፤ ቀን ቆርጠው ይናገሩ። «ዝም ብዬ ልተወው» የሚለው ምርጫ ከእጅዎ ወጥቷል። የ15 ዓመት ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ስልክ ምስጢር አይጠብቅም፤ ፎቶግራፎችና መልእክቶች ቤተሰቡ በጋራ በሚጠቀምበት ታብሌት ላይ ብቅ ይላሉ። ልጁ ቀድሞ ካወቀ የእናቱን ትዳር ምስጢር ይዞ እንዲኖር ፈርደውበታል ማለት ነው። ይህን በልጆች ላይ ሲሆን አይቻለሁ፤ ከፍቺው በላይ የሚጎዳቸው እርሱ ነው።

ነገር ግን ነገ አይናገሩ። መጀመሪያ የምርመራውን ውጤት ይያዙ፤ ምክንያቱም ከሁለት ወይም ከሦስት ጥያቄ በኋላ «እኔስ ታምሜ ይሆን?» ትላለች፤ ያን ጊዜ «አላውቅም» የሚል ባል መሆን የለብዎትም። ቀጥሎ ለብቻዎ ከባለሙያ ጋር ጥቂት ጊዜ ይገናኙና የሚሉትን በቃል ተናግረው ይለማመዱት። የሚናገሩበትን ቀን ሲመርጡ ልጆቹ ቤት የማይኖሩበት፣ እርሷ የሌሊት ፈረቃ ላይ ያልሆነችበት፣ በዓል ወይም ክርስትና ያልተቃረበበት ቀን ይሁን። መኪና ውስጥ አይሁን፤ መጠጥ አይኑር። በአጭሩ ይናገሩ፦ ከወጣትነትዎ ጀምሮ ስሜቱ እንደነበረ፣ ሲያገቧት ሊያታልሏት እንዳልፈለጉ፣ በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ እምነቷን እንዳፈረሱ፣ ምርመራዎ ምን እንዳሳየ። የድርጊቱን ዝርዝር አይግቡበት፤ ከጠየቀችዎ ግን አይዋሹ። «አንቺ ትኩረት ስላልሰጠሽኝ» የሚል ቃል ከአፍዎ እንዳይወጣ፤ እውነትም አይደለም።

«ለምን አገባኸኝ?» ማለቷ አይቀርም። እውነተኛው መልስ ሁለት ክፍል አለው፤ ሁለቱንም ይናገሩ። ስለ ወደዷት አገቧት፤ ትዳር ያንን ነገር ያጠፋልኛል ብለውም አገቧት። የመጀመሪያውን ብቻ መናገር ያሳንሳታል፤ ሁለተኛውን ብቻ መናገር 17 ዓመቷን ይሰርቃታል። ለእርሷ ያለዎት ፍቅርና ፍላጎት ሐሰት መሆኑን የሚያሳይ ነገር በደብዳቤዎ ውስጥ አላየሁም። ለሁለቱም ጾታ የሚሳሳቡ ሰዎች አሉ፤ ስሜት በሁለት ሳጥን የሚከፈል አለመሆኑን አሜሪካዊው የወሲብ ተመራማሪ አልፍሬድ ኪንሲ ገና በ1948 ከዜሮ እስከ ስድስት በሚሄድ መለኪያ አስቀምጦታል። እርስዎ የት ላይ እንደሚቀመጡ ዛሬ መወሰን አይጠበቅብዎትም፤ ለራስዎም ስም ለማውጣት አይቸኩሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት የእርሷ ነው። በእኛ ልማድ ነገር ሲከርር ሽማግሌ ይጠራል፤ እዚህ ላይ አጥብቄ እቃወማለሁ። ሦስት ሽማግሌ የሰማው ነገር በሚቀጥለው እሑድ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው፤ ልጆቻችሁም እዚያው ናቸው። በአንጻሩ «ለማንም እንዳትናገሪ» ብለው እርስዎ 29 ዓመት የኖሩበት ክፍል ውስጥ እንዳይቆልፏት። የምታምናትን አንዲት ሰው ራሷ እንድትመርጥ ይተዉላት፤ እኅቷ ልትሆን ትችላለች። የራሷ አማካሪም ያስፈልጋታል፤ የእርስዎ አማካሪ ሊሆን አይገባም። ባሎቻቸው እንዲህ ያለ ነገር የነገሯቸው ሴቶች የሚረዳዱበት ቀድሞ ስትሬት ስፓውስ ኔትወርክ ይባል የነበረ፣ አሁን አወርፓዝ (OurPath) የሚባል ድርጅትም አሜሪካ ውስጥ አለ።

ትዳሩ ይተርፋል ወይ? የተጠቀሰውን ድርጅት የመሠረተችው አሚቲ ፒርስ በክስተን ለረጅም ዓመታት እንዲህ ያሉ ትዳሮችን ተከታትላለች። በእርሷ ግምት ሲሶው ነገሩ እንደታወቀ ይፈርሳል፤ ሌላው ሲሶ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት አብሮ ቆይቶ ይለያያል፤ የቀረው ሲሶ ትዳሩን ለማቆየት ይጥራል፤ ከእርሱም ግማሽ ያህሉ ይሳካለታል። ግምት ነው፤ የሰበሰበችውም በዋናነት አሜሪካውያንን ነው። ቢሆንም ሁለቱንም የተለመዱ እምነቶች ያፈርሳል፤ «ከተናገርኩ ሁሉም አበቃ» የሚለውንም፣ «ከወደደችኝ ትችለዋለች» የሚለውንም።

ከነገሯት በኋላ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ስሜቱ እንዳለ እርሷ አውቃው እርስዎ ለእርሷ ብቻ ታምነው መኖር ነው፤ ይቻላል፤ ብዙዎች በእምነታቸው ምክንያት ይመርጡታል። ዋጋው ግን ትንሽ አይደለም፤ ድባቴው ሳይታከም ከተጀመረ አይዘልቅም። ሁለተኛው በክብር መለያየት ነው። ሦስተኛው እርሷ እያወቀች እርስዎ ከሌላ ሰው ጋር ግንኙነት እንዲኖርዎ መስማማት ነው፤ በዚህ ሦስተኛው ላይ ብዙ እምነት የለኝም። በፍርሃት የተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም፤ ቤቷ፣ ልጆቿና ስሟ ከእርስዎ ጋር የተሳሰረ ሴት ደግሞ በነጻነት «እሺ» ማለቷን ማረጋገጥ ከባድ ነው። አራተኛው፣ አሁን የያዙት ድርብ ኑሮ፣ ከአማራጮች ውስጥ አልቆጠርኩትም።

የትኛውንም ይምረጡ፣ ከተናገሩበት ቀን ጀምሮ ለስድስት ወር ስለ ፍቺ አይወስኑ፤ እርሷ ከወሰነች ግን አይከራከሯት። ሜሪላንድ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ለፍቺ ጥፋተኛ መፈለግን ትታለች፤ ጎረቤት ቨርጂኒያ ግን ዛሬም ከትዳር ውጭ የተደረገ ግንኙነትን ለፍቺ ምክንያት ታደርጋለች። ቤት ለመቀየር ካሰቡ ወይም የሚፈርሙት ወረቀት ካለ አስቀድመው ጠበቃ ያማክሩ። ስሜትዎ ብቻውን ሜሪላንድ ውስጥ ልጆችዎን የሚያስነጥቅ ምክንያት አይደለም።

ያን ሰው በተመለከተ፣ ቢያንስ እስኪናገሩ ድረስ ግንኙነቱን ያቁሙ፤ መተግበሪያውንም ከስልክዎ ያጥፉ። ውስጥዎ በሁለት ሰዎች መካከል ሲሮጥ የትኛውንም ነገር አጥርቶ ማሰብ አይቻልም። ፊትዎ የሚታይበት ፎቶግራፍ ልከው ከሆነና ገንዘብ ካልከፈልክ ለቤተሰብህ እልካለሁ የሚል መልእክት ከመጣ አይክፈሉ፤ የከፈለ ሰው ደጋግሞ ይጠየቃል። መልእክቱን ሳያጠፉ አስቀምጠው ለፖሊስ ያመልክቱ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በዚህ ሳምንት ምርመራና ለድባቴው ሐኪም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለብቻዎ አማካሪ፤ ሁለተኛው የደም ምርመራ ውጤት እንደደረሰ ለባለቤትዎ መንገር። ከሦስት ወር በላይ መሄድ የለበትም። የጥንዶች አማካሪ ዘንድ አብረው አይጀምሩ፤ ብዙዎቹ ከአንዱ የሰሙትን ከሌላው ደብቀው አይሠሩም፤ ተራው የሚመጣው ከነገሯት በኋላ ነው። አማርኛ ተናጋሪ አማካሪ ማግኘት ቢያስደስትም በዋሽንግተን ዙሪያ ያለው ማኅበረሰባችን ጠባብ ነው፤ በሜሪላንድ ፈቃድ ያለው ማንኛውም ባለሙያ በቪዲዮ ሊያገኝዎ ስለሚችል ከሠፈርዎ ራቅ ያለ ይምረጡ። አስተርጓሚ ካስፈለገ ተቋሙ ራሱ በስልክ ያቅርብልዎ፤ ዘመድ አይሁን። በመጀመሪያው ስልክ ላይ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ባለትዳር ሆነው ከዚህ ስሜት ጋር የሚኖሩ ወንዶችን አይቶ ያውቃል ወይ፤ ስሜትን ለመለወጥ ይሠራል ወይ፤ ምስጢርን የሚገልጠው በምን ምክንያት ብቻ ነው። ለሁለተኛው «አዎ» ካለ አመስግነው ይዝጉ። ከመዝጋትዎ በፊት ግን የቀጠሮ ማስታወሻ የሚደወለው ወደ የትኛው ቁጥር እንደሆነ ያረጋግጡ፤ የቤቱ ስልክ እንዳይሆን።